ከሞያሌ ወዲህ የማይሠራ ወረቀት

የጦር መሣሪያ ፈቃድ በመልኩ መንጃ ፈቃድን ይመስላል፤ ፎቶግራፍ፣ ማኅተም፣ ቁጥርና የማብቂያ ቀን አለው፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው የሁለቱ ሰነዶች ባሕርይ አንድ ይመስለዋል። መንጃ ፈቃድ የሰውየውን ችሎታ የሚመሰክር ሰነድ ሲሆን፣ መኪና መንዳት የሚችል ሰው ድንበር በመሻገሩ ችሎታው ስለማይጠፋበት፣ ምስክርነቱን ሌላው አገር ቢቀበለው የሚያስደንቅ አይሆንም። የመሣሪያ ፈቃድ የሚመሰክረው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ሰው የሚያውቀው፣ መሣሪያው በእጁ መኖሩን የመዘገበው፣ ጥፋት ቢደርስም ፈልጎ የሚጠይቀው አንድ የታወቀ ባለሥልጣን መኖሩን ነው የሚናገረው። ባለሥልጣኑ ፈልጎ ሊይዝና ሊጠይቅ በማይችልበት ምድር ላይ ወረቀቱ የሚናገረው ነገር ትርጉም ያጣል፤ የዚህ ዲስኩር ነገርም በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው።

ነገሩ በናይሮቢ፣ በሳውዝ ሲ ሰፈር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሩቅ የሕግ ክርክር አይደለም። ከሰፈሩ ነዋሪዎች መካከል በሞያሌ መንገድ ዘመድ የሚቀበሉ፣ ዕቃ የሚያስጭኑ፣ ለሹፌሮች ማረፊያ የሚፈልጉ አሉ። ከሐዋሳ ተነሥቶ በያቤሎና በሜጋ አልፎ ሞያሌ የደረሰን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ለምሳሌ ያህል መውሰድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች መርቀው በከፈቱት የጋራ የድንበር አገልግሎት መስጫ ጣቢያ፣ ማለትም የሁለቱም አገር ሠራተኞች በአንድ ግቢ ተቀምጠው ተጓዡን በአንድ ቆይታ በሚያስተናግዱበት ሥፍራ፣ ሹፌሩ ፓስፖርቱን ያሳያል፤ የጭነቱን ሰነድ ያቀርባል፤ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ በአንዱ አባል አገር የተገዛው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላውም አባል አገር እንዲሠራ የሚያደርገውን ወረቀት ይዘረጋል። ይህ ሁሉ ሰነድ ድንበሩን ይሻገራል። ከወንበሩ ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ በመዝገብ የሰፈረና ፈቃድ የወጣለት ሽጉጥ ቢኖረው ግን፣ የዚያ ሽጉጥ ፈቃድ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር በአንድ ፕላስቲክ ቢታሸግም እንኳ የሚሠራው እስከ ጣቢያው አጥር ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ ፈቃድ ያለው ሰው መሆኑ ቀርቶ ያልተፈቀደ መሣሪያ ይዞ የተገኘ ሰው ይሆናል። ወረቀቱን ማሳየቱም፣ ሽጉጡ የራሱ መሆኑን በገዛ እጁ ከማረጋገጥ ያለፈ ብዙ ጥቅም ላይሰጠው ይችላል።

ኬንያ የጦር መሣሪያን የምታስተዳድረው ምዕራፍ 114 ተብሎ በሚታወቀው የጦር መሣሪያ ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ በመጀመሪያ የወጣው በቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ የማው ማው ትግል በተፋፋመበት ሰዓት ነው። የተወለደበት ዘመን በመንፈሱ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል፤ መነሻው እገዳ ነው፤ ፈቃድ ከእገዳው በልዩ ሁኔታ ነጻ መደረግ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥትም ከዘረዘራቸው በርካታ መብቶች መካከል ጠመንጃ የመታጠቅ መብት የሚባል የለበትም። ፈቃድ የሚሰጠው የጦር መሣሪያ ፈቃድ ሰጪ ቦርድ የሚባለው አካል ነው። ቦርዱ አመልካቹ መሣሪያ የፈለገበትን በቂ ምክንያት፣ ከወንጀል መዝገብ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ የመልካም ሥነ ምግባር ማረጋገጫ፣ የአእምሮ ጤንነቱንና የአያያዝ ችሎታውን ይመረምራል። የሚሰጠው ሰነድም የመሣሪያውን ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ ባለቤቱ ሊይዘው የሚችለውን የጥይት ብዛት ጭምር ይወስናል። ባለፈቃዶቹ ራሳቸው እንኳ የዘለቀ ዋስትና የላቸውም፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩት በፍሬድ ማቲያንጊ ትእዛዝ በአገሪቱ ያሉ ሲቪል ባለመሣሪያዎች በሙሉ እንደገና እንዲመረመሩ ተደርጓል። የራሱን ዜጎች ፈቃድ አንሥቶ እንደ አዲስ የሚያበጥር መንግሥት፣ ከማያውቀው ወረዳ የመጣ ማኅተም አይቶ ያሳልፋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ቅጣቱ ደግሞ የዋህነትን አይምርም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 4ሀ፣ ክላሽን፣ ጂ-3ን፣ ኤም-ፒ-5ንና የመሳሰሉትን የወታደርና የፖሊስ መሣሪያዎች ለይቶ በስም ይጠራል፤ ከእነዚህ አንዱን ያለ ፈቃድ ወይም ያለ ሕጋዊ ምክንያት ይዞ የተገኘ ሰው እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ሊፈረድበት እንደሚችልም ይደነግጋል። «ያገሬ መንግሥት ፈቅዶልኛል» የሚለው መልስ ሕጋዊ ምክንያት ተብሎ ሊወሰድ የሚችልበት በር ጠባብ ነው። «ሕጉን አላወቅሁም» የሚለውም፣ በኬንያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 7 እንደተደነገገው፣ ከጥፋት አያድንም። በዚህ ረገድ ኬንያ የተለየች አይደለችም፤ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይናገራል።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው በዚሁ በክላሽ ጉዳይ ነውና። በኢትዮጵያ ገጠር ክላሽ የወታደር መሣሪያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከደርግ ሠራዊት መበተን ወዲህ በየመንደሩ የገባው፣ በሚሊሻ ስም የታደለው፣ በሬ ተሸጦ የተገዛው ክላሽ፣ በቀበሌና በወረዳ መዝገብ ላይ ከባለቤቱ ስም ጋር ሰፍሮ ኖሯል። ገበሬው ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይይዛል፤ በኬላ ሲጠየቅ ፈታሹ ጠመንጃውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ፣ በግራ ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በአውራ ጣቱ ጠርጎ፣ ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክራል። ቁጥሩ ከገጠመ ሰውየው ሕጋዊ ነው። ይኸው ብረት፣ ይኸው ቁጥር፣ ይኸው ባለቤት ሞያሌን ተሻግሮ ሲገኝ በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስጠይቅ ወንጀል ይሆናል። ሰውየው ክፉ ሐሳብ ስላሰበ ወይም ብረቱ ስለተለወጠ የመጣ ልዩነት የለም፤ የተለወጠው የሚጠይቀው አካል ብቻ ነው።

ኢትዮጵያም ብትሆን ለመሣሪያ ልል ሕግ ያላት አገር አይደለችም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 የጦር መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል፤ በዚያው መሠረት በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቶ ፌዴራል ፖሊስን ተቆጣጣሪ አድርጎታል። ያለ ፈቃድ በመሣሪያ መነገድና መያዝን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች በወንጀል ሕጉም፣ በአንቀጽ 481ና በአንቀጽ 808፣ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ አፈጻጸሙ ከክልል ክልል እንደሚለያይ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ሁሉ ያውቀዋል። በአካባቢው ባህል ሆኖ በገበያና በለቅሶ ላይ በአደባባይ የሚታይ ጠመንጃ፣ በዋና ከተማዋ መግቢያ ኬላዎች ላይ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 መጀመሪያ ላይ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች በእጃቸው ያለውን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ የታዘዙበት ጊዜ እንደሚያሳየውም፣ ቀድሞ የተሰጠ ወረቀት በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ቢሆን ወቅትና ሥፍራ ሲለወጥ እንደገና ይጠየቃል። ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ሲኬድ ይህን ያህል የሚያከራክር ሰነድ፣ ከአንዱ ሉዓላዊ አገር ወደ ሌላው ሲኬድ፣ ሉዓላዊ ማለትም በግዛቱ ላይ የበላይ የሌለበት መንግሥት ማለት ነውና፣ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ብዙ ኢትዮጵያዊ ፈቃዱ አብሮት የሚሄድ የሚመስለው ስለምን ነው ቢባል፣ መልሱ ከሕግ ይልቅ በባህል ውስጥ ይገኛል። ጠመንጃ በኢትዮጵያ ከሰውየው ስምና ማዕረግ ጋር ተጣብቆ የኖረ ነገር ነው። ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል፤ ከእንግሊዙ ስናይደር ሰናድር፣ ከፈረንሳዩ ፉዚል ግራ ውጅግራ፣ ከኦስትሪያው ማንሊኸር ምንሽር ተወልዷል፤ ባዕድ ስም እንዲህ እስኪለሰልስ ድረስ በአፍ የሚላመጠው ዕቃው ከቤት ዕቃ ሲቆጠር ነው። ጥይት በደቡብና በምዕራብ ገበያዎች ከአሞሌ ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለገለበት ዘመን ነበር፤ ባዶው ቀልሃም፣ ማለትም ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው የጥይት ቀፎ፣ ኩል መያዣ ሆኖ በሴቶች እጅ ገብቷል። መሣሪያ መያዝ ማለት የተከበረ ሰው መሆን ማለት በሆነበት አገር፣ ፈቃዱም የክብር ወረቀት ይመስላል፤ የሰው ክብር ደግሞ ድንበር ሲሻገር ይቀራል ብሎ የሚያስብ የለም። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። መንግሥት ፈቃድ ሲሰጥ የሚያስበው ስለ ቁጥጥር ሲሆን፣ ተቀባዩ ግን እንደ ሹመት ይቀበለዋል።

የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ራሱ ከመሣሪያ ታሪክ ውጭ ሊነገር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ የተፈረመው ውል በሰሜን ከ20ኛው፣ በደቡብ ከ22ኛው የኬክሮስ መስመር መካከል ባለው አፍሪካ ውስጥ ዘመናዊ መሣሪያ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ውሉ የባሪያ ንግድን ለማስቆም በሚል ስም ይውጣ እንጂ አፍሪካውያንን ያለ መሣሪያ ለማስቀረት ማገልገሉ አልቀረም። ኢትዮጵያ ግን በዚያው ዘመን ታጥቃ ዐድዋ ላይ አሸነፈች፤ ከዚያም በኋላ የነበረው የአውሮፓውያን ዲፕሎማሲ በአብዛኛው ወደዚች አገር የሚገባውን ጠመንጃ ስለ መለካት የሚደረግ ድርድር ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከገባቻቸው ግዴታዎች አንዱ የመሣሪያ ጉዳይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1930 በፓሪስ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር የፈረመችው ውልም የመሣሪያ አስመጪነቷን የሚደነግግ ነው። ከውሉ ፈራሚዎች አንዷ ኢጣሊያ ስድስት ዓመት ሳትቆይ በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን መጣች፤ የመሣሪያ ቁጥጥር ሲባል በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚቀሰቀሰው ጥርጣሬ ካለ ምክንያት የመጣ አለመሆኑን መቀበል ተገቢ ነው።

ከዚያ ወረራ በኋላ የሆነው ነገር ለዛሬው ርእስ ከማናቸውም የሕግ ጽሑፍ የተሻለ ማስረጃ ነው። በጠላት የተገፉ ኢትዮጵያውያን ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1937 አካባቢ ወደ ኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ ሲገቡ፣ የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ትጥቃቸውን አስፈትቶ በኢሲዮሎ ካምፕ አሰፈራቸው፤ ኋላም ወደ ታቬታ ተዛወሩ። ጠመንጃው ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የተቀበሉት፣ ለአገራቸው ነጻነት የተዋጉበት መሆኑን አስተዳደሩ አልካደም፤ ግን በዚያ ምድር ማን እንደሚታጠቅ የሚወስነው ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ኢጣሊያ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገጥም፣ ከእነዚሁ ስደተኞች መካከል የተመለመሉ ሰዎች ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ሆነው ተደራጁ፤ ጌዴዎን በተባለው ጦር ውስጥም ተሰልፈው ጎጃም ገቡ። መሣሪያውን ያስፈታው እጅ መልሶ መሣሪያ ሰጠ። ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ በመካከሉ የተለወጠው የባለሥልጣኑ ፈቃድ ብቻ ነው። ከነጻነት በኋላም መርሑ አልተለወጠም፤ እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት፣ በሦስተኛው አንቀጹ ስደተኛው ያስጠለለውን አገር ሕግ እንዲያከብርና በአባል መንግሥታት ላይ በመሣሪያ ጥቃት እንዳይፈጽም ያስገድዳል።

የዛሬው ናይሮቢ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ ተራ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ኢትዮጵያንና ኬንያን ጨምሮ አሥር የታላላቅ ሐይቆችና የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ሕገ ወጥ የመሣሪያ ዝውውርን በጋራ ለመከላከል የተስማሙበት መግለጫ የናይሮቢ መግለጫ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 2004 የተፈረመውና አስገዳጅ የሆነው ውል የናይሮቢ ፕሮቶኮል የሚል ስም አለው፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የአካባቢው ማዕከልም፣ በአጭር ስሙ ሬክሳ፣ መቀመጫው እዚሁ ከተማ ነው። ፕሮቶኮሉ አባል አገሮች መሣሪያቸውን ምልክት እንዲያደርጉ፣ መዝገብ እንዲይዙ፣ ሕጎቻቸውን እንዲያቀራርቡ ይጠይቃል፤ በሦስተኛው አንቀጹም ሲቪሎች ቀላል የጦር መሣሪያን፣ አውቶማቲክና ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃን እንዳይዙ ሙሉ በሙሉ መከልከል እንዳለበት ይናገራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መለየት አለበት፤ ሕግን ማቀራረብና ፈቃድን መቀበል የተለያዩ ናቸው። ፕሮቶኮሉ ፖሊሶች መረጃ እንዲለዋወጡ ያደርጋል እንጂ የአንዱ አገር ባለፈቃድ በሌላው አገር ታጥቆ እንዲሄድ የሚያደርግ የእርስ በርስ እውቅና፣ ማለትም አንዱ የሰጠውን ሌላው እንደ ራሱ የሚቆጥርበት ስምምነት፣ አላቋቋመም። የኬንያ መንግሥት ይህን ጉዳይ የሚያይበትን ዓይን ለማወቅ የፈለገ ሰው ከከተማዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ተጉዞ ንጎንግን ማየት ይበቃዋል፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 በዚያ 5,250፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ደግሞ 5,144 ሕገ ወጥ መሣሪያዎች በፕሬዚዳንቱና በምክትላቸው እጅ ተለኩሰው በእሳት ወድመዋል። ሰደፋቸው እንጨት የሆነው ከሰል ሲሆኑ፣ ብረታቸው ተጣሞ ቀርቷል።

በሰሜኑ ጠረፍ ላይ ያለው እውነታ ግን ከእሳቱ ሥነ ሥርዓት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። በቱርካና ሐይቅ ዳርቻ ዳሰነችና ቱርካና፣ በማርሳቢትና በቦረና ዞን በኩል ደግሞ ቦረናና ገብራ፣ ከብት የሚጠብቁት በጠመንጃ ነው፤ ሣርና ውኃ ፍለጋ ሲወጡ እረኛው ድንበሩን የሚያውቀው በካርታ አይደለም። ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ሞያሌ ላይ ለማርሳቢትና ለቦረና የሰላምና የልማት ፕሮግራም ሲፈራረሙ ያሰቡት ይህንኑ ነበር። አንድን እረኛ ጠመንጃህን አስቀምጥ ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ጎረቤቱ በዚያው ቀን ካላስቀመጠ ግን ትእዛዙ ከብቱን ለዘራፊ አሳልፎ መስጠት ይሆናል። የዚህ ዲስኩር አድማጭ ከዚህ ሊወስድ የሚገባው ማስጠንቀቂያ፣ በጠረፍ በረሃ ላይ ሳይጠየቅ ሲያልፍ የታየ መሣሪያ በኢሲዮሎ መንገድ ኬላ ላይም ሳይጠየቅ ያልፋል ብሎ እንዳያስብ ነው።

በውጭ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ይህ ጉዳይ በየቀኑ የሚያጋጥማቸው በአሜሪካ ዋና ከተማ ዙሪያ ያሉት ናቸው። በአሜሪካ የመሣሪያ ፈቃድን የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ሲሆን፣ የሌላውን ግዛት ፈቃድ መቀበልና አለመቀበልም የእያንዳንዱ ግዛት ውሳኔ ነው። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ 21 ዓመት የሞላው ሰው ከማናቸውም ግዛት ያወጣውን የጸና ፈቃድ ከፎቶ መታወቂያ ጋር ይዞ ከተገኘ ትቀበላለች። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያሉት ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ግን አይቀበሉም። በዚህም የተነሣ በአሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ ሽጉጡን በሕግ የታጠቀ ባለ ታክሲ፣ ሁለት ሳንቲም የማያስከፍለውን ድልድይ አቋርጦ ተሳፋሪ ለማውረድ ዲሲ ሲገባ፣ እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ፈጽሞ ሊገኝ ይችላል። ቤቱ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው።

መኪና ለሚነዳና መንገድ ብቻ ለሚያቋርጥ ሰው እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ መጠነኛ ከለላ ይሰጣል፤ መሣሪያው በተነሣበትም በሚደርስበትም ቦታ ሕጋዊ ከሆነ፣ ጥይቱ ከወጣ፣ ከሹፌሩና ከተሳፋሪው እጅ በማይደርስበት እንደ ኋላ ሣጥን ባለ ሥፍራ ተቀምጦ ከተጓዘ፣ በመሐል ያለው ግዛት ባለቤቱን አይጠይቅም ማለት ነው። ይህ ማሳለፊያ እንጂ መታጠቂያ አይደለም። ፈቃዶች በመላ አገሪቱ እንዲሠሩ የሚያደርግ ሕግ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 በተወካዮች ምክር ቤት 231 ለ198 በሆነ ድምፅ ቢያልፍም ከሴኔቱ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በኒው ዮርክ ጉዳይ ላይ የታጣቂዎችን መብት ሲያሰፋም የአንዱን ግዛት ወረቀት ለሌላው ግዴታ አላደረገም። ከኢትዮጵያ በጊዜያዊ ቪዛ የሄደ እንግዳ ደግሞ፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በፌዴራሉ ሕግ መሣሪያ እንዳይዝ ተከልክሏል፤ የአጎቱን ሽጉጥ ይዞ ፎቶ መነሣቱ እንኳ ለክስ ማስረጃ ሊሆንበት ይችላል። ጠመንጃ የመያዝ መብትን በሕገ መንግሥቷ የጻፈች አገር፣ በገዛ ግዛቶቿ መካከል ይህን ያህል ካጠበቀች፣ ያንን መብት ያልጻፈችው ኬንያ ለባዕድ ወረቀት በር ትከፍታለች ብሎ ማሰብ ያዳግታል። አውሮፓ ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ መመሪያ፣ ለአዳኞችና ለተኩስ ስፖርተኞች የመሣሪያ ፓስፖርት ፈጥራለች፤ እሱም ቢሆን ለሌላ ዓላማ የሚጓዘውን አይመለከትም።

አውሮፕላን የሚሳፈረውን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ለአደን ወይም ለስፖርት ፈቃድ ያለው ሰው አስቀድሞ የሁለቱንም አገር ይሁንታ ካገኘና ለአየር መንገዱ ካስታወቀ፣ መሣሪያው ጥይቱ ወጥቶ በተጫነ ሻንጣ ይሄዳል፤ ጥይቱም በዓለም አቀፍ የአየር ትራንስፖርት ደንብ ለአንድ መንገደኛ ከ5 ኪሎ ግራም አይበልጥም። በኬንያ ግን ሕጋዊ አደን ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለታገደ፣ «ለአደን ነው» የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም። ብዙ ሰው የሚያዘው በሽጉጥ ሳይሆን በረሳው ነገር ነው፤ በገጠር ሠርግ ላይ የተለበሰ ካፖርት ኪስ ውስጥ የቀረች አንዲት ጥይት፣ ወይም ለቁልፍ መያዣ የተበሳ ቀልሃ፣ በጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ መፈተሻ ላይ በአንድ ዓይነት ጥላ ይታያሉ። ባዶው ቀልሃ ጥይት አለመሆኑ የሚረጋገጠው ሻንጣው ተከፍቶ፣ ባለቤቱ ተለይቶ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ሊሆን ይችላል። በኬንያ ሕግ ጥይትም ለብቻው ፈቃድ ይጠየቅበታል።

በሳውዝ ሲ የመኖሪያ ግቢዎች በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ከዚህ ሁሉ ሕግ የበለጠ ያስረዳል። በአዲስ አበባ የባንክ ወይም የመጋዘን ጥበቃ ክላሽ ወይም አሮጌ ጠመንጃ አንግቶ መታየቱ የተለመደ ሲሆን፣ እዚህ ግን ከግል ድርጅት የተቀጠረው ዘበኛ በእጁ ያለው ሩንጉ የሚባለው የእንጨት ዱላ፣ ፊሽካና የእጅ ባትሪ ነው። ገንዘብ የጫነ መኪና ሲያልፍ አጅቦት የሚሄደው ታጣቂ የመንግሥት ፖሊስ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ እንግዳ ይህን አይቶ ጥበቃው የላላ ይመስለዋል፤ ኬንያ ግን ሆን ብላ ያደረገችው ነው፤ በከተማ ውስጥ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ከታየ ወይ መንግሥት ነው፣ ወይ መንግሥት የሚፈልገው ሰው ነው። ፈቃድ ያለው ሲቪል እንኳ ሽጉጡን በልብሱ ሸፍኖ ነው የሚሄደው።

ቀሪው ጥያቄ ወደዚህ የመጣው ሰው በአገር ቤት ስለተወው መሣሪያ ነው፤ በዚህ ሰፈር ካሉት ቤተሰቦች መካከል ይህ ጥያቄ የማይመለከተው ጥቂት ነው። ፈቃድ የሰውየው የግል ነው፤ ለወንድም በአደራ የተሰጠ ጠመንጃ፣ ወንድምየው ፈቃድ ከሌለው፣ ባለፈቃዱ ሳይኖር ያልተፈቀደ መሣሪያ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ ከአገር የሚወጣ ሰው መሣሪያውን ፈቃድ ለሰጠው ፖሊስ አስረክቦ ደረሰኝ መያዙ የተሻለ ነው። አባት ሲሞት ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ጎጃም ወይም ወሎ ያለው ቤተሰብ ለናይሮቢው ልጅ ስልክ ደውሎ «የአባትህ ምንሽር ላንተ ነው የተባለው» ሲለው፣ በሽማግሌ ፊት የተነገረው ኑዛዜ ብረቱን ሊያወርሰው ይችላል፤ የሟቹ ስም የተጻፈበት ፈቃድ ግን አይወረስም፤ ልጁ በራሱ ስም ካልጠየቀና ካልተፈቀደለት በቀር ጠመንጃው ሊሰቀል የሚችለው በፖሊስ ግምጃ ቤት እንጂ በአባቱ ግድግዳ ላይ አይደለም። ልጁ የሚኖረው ሳውዝ ሲ ከሆነ፣ ማመልከቻውን የሚያስገባው አባቱ የተመዘገበበት ወረዳ ነው፤ በዚያ መዝገብ ላይ ከምንሽሩ ቁጥር አጠገብ ያለው ስም እስኪለወጥ ድረስ፣ በሕግ ፊት የጠመንጃው ባለቤት የሞተው ሰው ሆኖ ይቆያል።